ደንበኛው ሲሳደብ፣ አለቃው ዝም ሲል

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። አንዷ ስልክ ታነሳለች፣ ሌላዋ እንግዳ ትቀበላለች፣ ሌላው ሂሳብ ይቀበላል። ሁሉም ግን ከደንበኛው ስድብ ይልቅ የጎዳቸው እየሰማ ዝም ያለው አለቃቸው እንደሆነ ይናገራሉ። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የምሠራው በጥሪ ማዕከል ነው። ደንበኞች እናቴን ሳይቀር እየጠሩ ይሰድቡኛል። እኛ ቀድመን ስልክ መዝጋት ክልክል ነው። አለቃዬን ሳማክረው «ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ልብሽ ውስጥ አታስገቢው» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ የተቆጣውንና የሚሳደበውን እንለይ። «ሦስት ቀን ሙሉ ደወልኩ፣ ማንም አልፈታልኝም» ብሎ የሚጮኽ ሰው የተቆጣው በድርጅቱ ነው፤ አንቺ ላይ የወረደው ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው። እሱን አስጨርሺው። ከዚያ ችግሩን በራስሽ አነጋገር መልሰሽ ንገሪው። ብዙ ሰው መደመጡን ሲያውቅ ድምፁ ይወርዳል።

እናትሽን የሚሰድበው ግን ሌላ ነው። ለእሱ የተዘጋጀ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑርሽ፦ «ጉዳይዎን ልጨርስልዎ እፈልጋለሁ፤ ስድቡ ከቀጠለ ግን ጥሪውን ለማቋረጥ እገደዳለሁ።» ቤትሽ ሆነሽ ድምፅሽን አውጥተሽ ተለማመጂው፤ ልብ በሚመታበት ሰዓት ቃል ይጠፋል።

ይህን ለማለት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ለአለቃሽ «ይሰድቡኛል» ብለሽ ብትነግሪው በማጽናኛ ይሸኝሻል። ይልቅ «ስንት ጊዜ ካስጠነቀቅኩ በኋላ ነው ጥሪውን ማቋረጥ ወይም ለእርስዎ ማስተላለፍ የምችለው?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። ለዚህ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠም አለመስጠቱ በጽሑፍ ይቀራል። የቅብጠት ጥያቄ እንዳይመስልሽ። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ አሠሪ ከደንበኛ ጋር የሚገናኙ ሠራተኞቹን ከስድብና ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታ በሕግ አለበት፤ አስፈላጊ ሲሆንም ሠራተኛውን ከዚያ ሥራ ለጊዜው ማንሳት ይኖርበታል። ይህን የጠየቀን ሠራተኛ ማባረርም ክልክል ነው። የቶኪዮ አስተዳደርም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደንበኞች ሠራተኛ እንዳያንገላቱ የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ አውሏል፤ ቅጣት ባይኖረውም አሠሪዎች «ደንበኛ ነው፣ ቻለው» ማለት እንዲከብዳቸው ያደርጋል።

ጥያቄ፦ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። አንድ ቋሚ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እጄን ይዞ አይለቅም፤ ስለ ሰውነቴም ያወራል። ሥራ አስኪያጇን ብነግራት «ትልቅ ደንበኛችን ነው፣ በሳቅ እለፊው» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ በጭራሽ አይደለም። «በሳቅ እለፊው» የሚለውን ሳነብ አዘንኩ፤ ከሴት መምጣቱ ደግሞ የባሰ አሳዘነኝ። ምናልባት እሷም በልጅነቷ ይኸው ምክር ተሰጥቷት ይሆናል።

የሚደርስብሽ ነገር ትንኮሳ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 በሥራ ላይ የሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳን ይመለከታል፤ ደንበኛን በመሰለ ሦስተኛ ወገን የሚፈጸመውንም ከግምት ያስገባል። ከባድና ቅርብ አደጋ እንደተደቀነበት ለማመን በቂ ምክንያት ያለው ሠራተኛ ከቦታው ዞር ቢል ሊቀጣበት እንደማይገባም ይናገራል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ስለሆነ የአገርሽን አቋምና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን አጣሪ።

እስከዚያው፣ ሰውዬው ሲመጣ ጠረጴዛው በመካከላችሁ ይሁን። እጅሽን ከያዘ በዙሪያሽ ያለ ሰው እንዲሰማ አድርገሽ «እጄን ይልቀቁኝ» በይ። መሳቅ የለብሽም። በዚያው ቀን ሰዓቱን፣ ያለውን ነገር ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ፣ ሥራ አስኪያጇም ምን እንደመለሰችልሽ ጽፈሽ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውጪ አስቀምጪ። ካሜራ ካለ የዚያ ሰዓት ምስል እንዲቀመጥልሽ ቶሎ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ብዙ ካሜራዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዳሉና። የሥራ ባልደረቦችሽንም ጠይቂ። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ሴት ላይ ብቻ የሚያቆም አይመስለኝም፤ ሁለት ሆናችሁ የምታቀርቡት አቤቱታ ደግሞ እንደ አንድ ሰው ስሞታ በቀላሉ አይጣልም። ከሥራ አስኪያጇ በላይ ላለው ኃላፊ ወይም ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ማኅበር ካላችሁም ለማኅበሩ አቅርቡት።

ጥያቄ፦ ያለ ደረሰኝ ዕቃ አይመለስም የሚል ደንብ አለን። ደንቡን ሳስከብር ደንበኛው ይጮኻል፤ በልጄ ዕድሜ ያለው አለቃዬ ይመጣና «ችግር የለም» ብሎ ይመልስለታል። በሰው ፊት እኔ ክፉ ሆኜ እቀራለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ሕመምዎ ይገባኛል። በትሕትና ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰው ደንበኛ ከሰረ፣ የጮኸው አገኘ። ያ ሰው በሚቀጥለው ጊዜም እንደሚጮኽ እርግጠኛ ይሁኑ፤ ያስተማረው አለቃዎ ነው።

በዚያው ሰዓት አይከራከሩት። በማግስቱ ለብቻው ሲሆን «ደንቡን እርስዎ የሚያነሱት ከሆነ እኔ መጀመሪያ እምቢ እንድል ለምን ያደርጉኛል?» ይበሉት። ከዚያ ከሁለት አንዱን ይጠይቁ፤ ወይ በተወሰነ መጠን የመፍቀድ ሥልጣን ለእርስዎ ይሰጥ፣ ወይ ክርክር ሳይነሳ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ እሱ ይሂድ። ሁለተኛውን ከመረጠ ለደንበኛው «ይህን የመወሰን ሥልጣን የለኝም፣ ያለውን ሰው ልጥራልዎ» ብለው ፈቀቅ ይበሉ። ያላወጡትን ደንብ በገዛ ክብርዎ መከላከል የለብዎትም።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን መቻል አቅቶኝ መልሼ ተሳደብኩ። ደንበኛው ሊከሰኝ ነው። ልባረር ነው?

መልስ፦ ያንተን ቃል ዛሬውኑ ጻፍ። ያልከውን ሳትደብቅ፣ ከዚያ በፊት የተባልከውንም ሳትተው። ዘግይተህ ከጻፍክ በፋይሉ ላይ የሚገኘው የእሱ ቃል ብቻ ይሆናል። ከዚህ በፊት አመልክተህ ሰሚ አጥተህ እንደሆነም ቀኑን ጥቀስ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሞከርኩ፤ የሚለወጥ ነገር የለም። እሁድ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልልቀቅ?

መልስ፦ እንቅልፍ ማጣቱን ለሐኪም ንገሪ፤ ይህን አታቆዪው። ከቻልሽ ሌላ ሥራ የምትፈልጊው ደመወዝሽ ሳይቋረጥ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ «ደንበኛ ሠራተኛ ሲሳደብ እዚህ ምን ይደረጋል?» ብለሽ ጠይቂ። ማን ተጠርቶ ምን እንደሚያደርግ ሳያመነታ የሚነግርሽ ቦታ አስቦበታል። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከተያዩ ግን ቸኩለሽ አትፈርሚ።