ካርዱን ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ቀጠሮውን ጠብቄ ልጄን አስከትባለሁ፤ ስለ ክትባቱ ማወቅ የባለሙያው ሥራ አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ለምን እንደተወጋ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

አለማወቄ የጎዳኝ ቤት ከገባን በኋላ፣ ሌሊት ነው። የተወጋበት ጭኑ አብጦ፣ ሰውነቱ ግሎ ሲያለቅስ አደረ። ሰውነቱ መከላከያ ማበጀት ሲጀምር እንዲህ እንደሚያተኩስ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ሁለት ቀን እንደሚበርድ አላውቅም ነበር። ምናልባት ተነግሮኝ አልሰማሁ ይሆናል። «ደኅነኛውን ልጄን አሳመሙብኝ» ብዬ ቀጣዩን ቀጠሮ ዘለልኩ። በሚቀጥለው ደግሞ ጉንፋን ይዞት ነበርና በእሱ አመካኘሁ። ቀላል ጉንፋን ክትባት እንደማያስቀር የሰማሁት ኋላ ነው።

በአምስተኛ ወሩ ትክትክ ያዘው። ትክትክ የያዘው ሕፃን ሲስል መተንፈሻ ፋታ አያገኝም፤ ፊቱ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ እያፏጨ አየር ይስባል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሳይስል ትንፋሹ ቀጥ የሚልበት ጊዜ ነው። ለሳምንታት በየተራ እየጠበቅነው አደርን። የዘለልኩት መርፌ ከዘጊ አናዳና ከመንጋጋ ቆልፍ ጋር ይህንኑ ትክትክ የሚከላከል ነበር!

ሲሻለው ካርዱን ይዤ በሐፍረት ሄድኩ። ባለሙያዋ ሳትቆጣኝ ከቆመበት ቀጠለችለት፤ የዘገየ ልጅ እንደ አዲስ አይጀመርለትም። ያን ቀን ግን ጥያቄ አበዛሁባት። ለምን ተደጋገመ? የመጀመሪያው ሰውነትን ያስተዋውቃል፣ ተከታዮቹ ያጸኑታል። የኩፍኙስ ለምን እንደተወለደ አይሰጥም? ከእናቱ የወሰደው መከላከያ ገና በደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ወር ወይም ዓመት እስኪሞላው ይጠበቃል። እኔ እኮ ቀኖቹን ለእነሱ አሠራር እንዲመች ያወጧቸው ይመስለኝ ነበር።

«በሽታው የት አለ?» የሚሉሽም ይኖራሉ። ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፣ ዛሬ ልጆቻችንን ከእሱ አናስከትብም። ኩፍኝ ግን አልጠፋም። በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳን ቫይረሱ ለ2 ሰዓታት ያህል ክፍሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ እንዳይዛመት ከ100 ሰው 95 ያህሉ የተከተበ መሆን አለበት። ለክትባት ያልደረሰው ሕፃን የሚጠበቀው በሌሎቹ ነው። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘውን የእ.ኤ.አ. 1998ቱን ጽሑፍ ደግሞ ያወጣው መጽሔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። አሁንም ይህን ወሬ የሚያመጣብኝ አይጠፋም፣ መልሱን ግን ለምጄዋለሁ።

ስለዚህ ካስከተብሽበት ከመውጣትሽ በፊት ለምን እንደተከተበ፣ ሌሊት ምን ሊታይበት እንደሚችልና ምን ስታዪ ይዘሽው እንደምትሮጪ ጠይቂ። መተንፈስ ከከበደው ወይም ፊቱ ካበጠ አትጠብቂ፤ ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው።

ሁለተኛዋ ልጄም በመጀመሪያው ክትባቷ አተኮሳት። ልብሷን አቅልዬ፣ ጡት እየሰጠሁ አደርኩ። ጠዋት ካርዷ ጀርባ ላይ «ትኩሳት፣ አንድ ሌሊት» ብዬ ጻፍኩና የሚቀጥለውን ቀጠሮ አየሁ።