የድሮ ድረ-ገጽ ድምፅ አልሰማ ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

«ገጹ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን የለም» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ሰብሰብ ላድርገው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አለ፤ የጠፋው ብሮውዘሩ ውስጥ ሆኖ ያጫውተው የነበረው ፕለጊን ነው። ፕለጊን ፍለጋ አትድከሙ፣ ፋይሉን አውጡት።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ድረ-ገጽ በ2002 አካባቢ የተሠራ ነው። መዝሙር ስጫን በጣም ትንሽ ፋይል ይወርድና ምንም ነገር አይከፍተውም። ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልተበላሸም። የፋይሉ ስም በአር-ኤ-ኤም የሚያልቅ ከሆነ መዝሙሩ ራሱ አይደለም፤ አድራሻ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በሉት። በኖትፓድ ይክፈቱት፣ አንድ ሁለት መስመር ያገኛሉ። መስመሩ በኤችቲቲፒ ከጀመረ ኮፒ አድርገው ብሮውዘሩ ላይ ይለጥፉት፤ ዋናው ፋይል ይወርዳል፣ ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ማጫወቻ ፕሮግራም ደግሞ ያጫውተዋል። በአርቲኤስፒ ወይም በፒኤንኤም ከጀመረ ግን መዝሙሩ ሪያል ከሚባለው የድምፅ ማስተላለፊያ ሰርቨር በቀጥታ ይተላለፍ ነበር ማለት ነው። ሰርቨሩ ከተዘጋ በዚያ መንገድ አይገኝም። የድሮ ድረ-ገጾችን ቅጂ የሚያኖረው ዌይባክ ማሽንም ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ብጣሿን ወረቀት ነው፤ ድረ-ገጾችን እየዞረ የሚሰበስበው ፕሮግራም በአርቲኤስፒ የሚመጣውን አይቀዳም። ያኔ ገጹን የሠራውን ልጅ አፈላልጉት። ሲዲ ላይ ወይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ዋናው ሊኖረው ይችላል።

ለምን እንዲህ ተወሳሰበ ለምትሉ፦ ሪያልኦዲዮ የሚባለው የድምፅ ማስተላለፊያ በ1995 ሲወጣ ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር ነበር። ሙሉው ፋይል እስኪወርድ ሳይጠበቅ በ14.4 ኪሎቢት ሞደም ወዲያው ማዳመጥ መቻሉ ተአምር ነበር፤ ውጭ አገር ላለው ሰው የአገር ቤት ድምፅ ማለት ያ ነበር።

ጥያቄ፦ ክሮም ላይ የሪያልፕሌየርን ፕለጊን እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ አይመለስም። ክሮም በ2015 መስከረም የዚያን ዓይነት ፕለጊን ጨርሶ አስወገደ፣ ፋየርፎክስ በ2017 ከፍላሽ (ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያጫውት ከነበረው ፕለጊን) በቀር ሌላውን ዘጋ፣ ፍላሽንም በ2021 አሰናበተ። አሮጌ ብሮውዘር ጭኖ ኢንተርኔት ላይ መዞርን አልመክርም። «ኮዴክ ፓክ» (የድምፅ መፍቻ ስብስብ) እያሉ የሚያወርዱላችሁ ገጾች ደግሞ ከድምፅ ይልቅ ቫይረስ ነው የሚያመጡት።

ጥያቄ፦ የኛ ገጽ የሚጫወተው በፍላሽ ነበር። እሱስ?

መልስ፦ የአንተ ቀላል ነው። ራፍል የሚባል ነፃ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ጫን፤ ፍላሽን ራሱ መስሎ ያጫውታል፣ በተለይ የቆዩትን። እምቢ ካለህ ደግሞ ፍላሹ ብዙ ጊዜ ልብስ ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ተራ ኤምፒ3 ነው። ገጹ ላይ ሆነህ ኮንትሮልና ዩ ተጫን፣ ኮዱ ይመጣል፤ ኮንትሮልና ኤፍ ብለህ ኤምፒ3 የሚለውን ፈልግ። ካጣኸው በኤክስኤምኤል የሚያልቅ ስም ፈልግና እሱን ክፈት፤ የዘፈኖቹ ዝርዝር እዚያ ተደርድሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ገጼ ሲከፈት የክራር ዜማ በሚዲ ይጫወት ነበር። አሁን ዝም ብሏል።

መልስ፦ ሚዲ ውስጥ ድምፅ የለም፤ የትኛው ኖታ መቼ እንደሚመታ የሚናገር ትእዛዝ ብቻ ነው። ድምፁን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ከማሽን ማሽን ይለያያል። የዛሬ ብሮውዘሮች በራሳቸው አያጫውቱትም። ፋይሉን አውርደው ሚዩዝስኮር በሚባለው የኖታ ፕሮግራም ይክፈቱትና ኤምፒ3 አድርገው ያውጡት። (በመካከላችን ይቅርና፣ አንቺ ሆዬን በፒያኖ ቅኝት የመታ ሚዲ ባይመለስም አላዝንም።)

ጥያቄ፦ 200 ያህል የሪያል ፋይል አለኝ። ወደ ኤምፒ3 ስቀይር ጥራቱን 320 ኪሎቢት ላድርገው?

መልስ፦ ለምን? የድሮው ፋይል 20 ኪሎቢት ከሆነ 320 ብታደርገው የሚወፍረው ፋይሉ ነው፤ ድምፁ አይጠራም። ለስብከትና ለንግግር 64 ኪሎቢት ሞኖ (በአንድ ቻናል) ይበቃል። ለብዛቱ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ መቀየሪያ ተጠቀም፤ የጥንቱንም የኋለኛውንም ሪያልኦዲዮ ያነባል፣ ፎልደሩን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ይጨርስልሃል። ዋናዎቹን ፋይሎች ግን አደራህን እንዳታጠፋቸው።

ገጹ ላይ ስትመልሳቸው በተራው የኤችቲኤምኤል ኦዲዮ ታግ (የድምፅ ማጫወቻ ኮድ) አስገባቸው። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ የድምፁም አድራሻ እንደዚያው ይሁን፤ አለበለዚያ ክሮም ከ2020 ወዲህ ይከለክለዋል። ገጹ ሲከፈት በራሱ ይጀምር የሚለውን ሐሳብ ተወው፣ ሰው ካልነካው በስተቀር ብሮውዘሮች ያፍኑታል። ደግሞስ ቢሮ ተቀምጦ የከፈተውን ሰው ማን ያስደነግጠዋል!

ጥያቄ፦ በስልክስ?

መልስ፦ ቪኤልሲ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አለ። መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ዕድል ቀንቶኝ ከዌይባክ ማሽን ዋናውን ፋይል አወረድኩ፤ ስሙም በአር-ኤም ያልቃል። ቪኤልሲ ግን እምቢ አለኝ።

መልስ፦ በኖትፓድ ይክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ይዩ። ጤነኛ የሪያል ፋይል ነጥብ ብሎ አር-ኤም-ኤፍ ወይም አር-ኤ በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው። ኤችቲኤምኤል የሚል ካዩ ግን የወረደልዎት «ገጹ አልተገኘም» የሚለው ማስታወቂያ ነው፣ በመዝሙሩ ስም ተቀምጦ። ዌይባክ ላይ ቀኑን ቀይረው ቀደም ያለውን ቅጂ ይሞክሩ።