ሐይቅ መቅረጽ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ፣

የጻፍሽልኝ ባጭሩ ይሄ ነው። ሐዋሳ የቱሪዝም ተማሪ ነሽ፣ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁን፣ ወፎቹን፣ ዝናቡን በስልክሽ እየቀረጽሽ ቲክቶክ ላይ ትለጥፊያለሽ። 18 ሺህ ተከታይ አለሽ፣ «ቪዲዮሽን ሳላይ አልተኛም» የሚልሽም ብዙ ነው። አባትሽ ደግሞ «ውኃ መቅረጽ ሥራ ነው እንዴ?» ይሉሻል። ትምህርቱን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው ወይ ትያለሽ።

አትተይው። አንድ ሴሚስተር ቀርቶ የምን መተው ነው?

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እናውራ። ቲክቶክ በዕይታ ልክ የሚከፍለው ለጥቂት አገሮች ብቻ ነው፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። ዩቲዩብ በረዘም ቪዲዮ ለሚመጣ ሰው ከማስታወቂያው ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበር፣ በዚያ ላይ በ12 ወር ውስጥ የታየ 4,000 ሰዓት ይጠይቃል። ሰዓቱ የሚሞላው ደግሞ በ20 ሰከንድ ቪዲዮ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሰው ከፍቶት ያጠናል፣ ከፍቶት ይተኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጊው። የኖርዌይ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2009 ከበርገን እስከ ኦስሎ ያለውን የባቡር ጉዞ ከ7 ሰዓት በላይ እንዳለ አሳይቶ ከሚሊዮን በላይ ሰው አይቶለታል።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ጋ የቀረጽሽውን አየሁት። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ፣ ምንቃራቸው ሲንቋቋ፣ ጀልባዋ ከዳር ድንጋይ ጋር ስትላተም፣ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ ሲጣራ። ግሩም ነው! ግን ምን ነክቶሽ ነው ፒያኖ የደፋሽበት? ያንን ፒያኖ ሺህ ቪዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ የባለመብት ጥያቄም ሊያስነሳብሽ ይችላል። የዚያን ጠዋት ድምፅ ግን ካንቺ በቀር ማንም የለውም። ድሮን ልግዛ ያልሽውንም እርሺው። ያለ ፈቃድ ማስገባቱም ማብረሩም ጣጣ ነው፣ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለንግድ መቅረጽም የራሱ ፈቃድ አለው። ብሩ ካለሽ ደህና ማይክና የንፋስ መከላከያ ግዢበት።

እንጀራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሐይቁ ዳር ስንት ሪዞርት አለ፣ የብዙዎቹን ገጽ ብትከፍቺ የምታገኚው የአልጋና የቡፌ ፎቶ ነው። ሎጁም አስጎብኚውም እንግዳው ገና ሳይመጣ ቦታውን እንዲሰማው የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል፣ ፈላጊ መሆኑን ባያውቀውም። እዚህ ጋ ነው ትምህርትሽ የሚያዋጣሽ፦ ጢስ ዓባይን ሚያዝያ ላይ የሚቀርጽ ሰው ቀጭን ውኃ ይዞ ይመለሳል፣ አንቺ ግን ክረምቱ ሲወጣ መሄድ እንዳለብሽ፣ ወንጪ የአደይ አበባው ሰሞን መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ካሜራ የያዘ ሞልቷል፣ ይሄን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ እስክትመረቂ ድረስ ከሠራሽው ውስጥ ምርጥ ምርጡን አንድ ቦታ ሰብስቢ፣ ተለማማጅ ሆነሽ የምትገቢበትንም ድርጅት ከወዲሁ አነጋግሪ። ሲቪሽ ላይ የተከታይ ቁጥር ብቻ አትጻፊ። የትኛው ቪዲዮ ስንት ሰው «ቦታው የት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እንዳደረገ ጻፊ፣ ቀጣሪ የሚገባው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ደንበኛሽ «በነጻ ሥሪልን፣ ስምሽን እናስተዋውቅልሻለን» ማለቱ አይቀርም። ቡናውን ጠጪለት፣ ከዚያ ዋጋሽን ንገሪው።