መዝሙሩ 22ኛው ነው ወይስ 23ኛው? ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋና ትርጉም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እኅታችን ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ አያትዎ ይደግሙበት በነበረው የግእዝ ዳዊት 22ኛ የሆነው መዝሙር በገዙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 23ኛ ሆኖ መገኘቱ መጽሐፉን ሰው ነክቶት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዎ «የአማርኛው ቁርኣን ትርጉሙ እንጂ ቁርኣኑ አይደለም» ያሉት ምን ማለታቸው ነው የሚል ነው። ዳዊትን በንባብ ቤት ተምሬ፣ በኋላም ዕብራይስጥ አጥንቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ ስለ ኖርሁ፣ በዚህ ጉዳይ ከንባቤ ያገኘሁትን ላካፍልዎ እወዳለሁ።

ስለ መዝሙሩ ቁጥር ማንንም መጠርጠር አያስፈልግም። ዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ብሎ የሚለያቸውን መዝሙሮች የግሪኩ ትርጉም እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው፣ ከዚያ ወዲህ የግሪኩ ቁጥር በአንድ ያንሳል። የዕብራይስጡ 114ኛና 115ኛም በግሪኩ አንድ ይሆናሉ፤ 116ኛውና 147ኛው ግን እያንዳንዳቸው ለሁለት ስለሚከፈሉ፣ ከ148ኛው ጀምሮ ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ገና ይገናኛሉ። ግእዙ የግሪኩን ቁጥር ተከተለ፤ የገዙት የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ የዕብራይስጡን። ስለዚህ በንባብ ቤት ያደገ ሁሉ 50ኛ ብሎ የሚያውቀው «ተሣሃለኒ እግዚኦ» የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተል መጽሐፍ 51ኛ ነው። የሚጸለየው ጸሎት ግን ያው ነው።

ግእዙ ግሪኩን የተከተለበት ምክንያት ታሪካዊ ነው። የአይሁድ መጻሕፍት በአብዛኛው በዕብራይስጥ፣ ከፊሎቹ የዳንኤልና የዕዝራ ምዕራፎች ደግሞ በአራማይስጥ ተጽፈዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ኦሪትን ወደ ግሪክ መለሱ፤ ሌሎቹም መጻሕፍት ተከተሉ። ይህ ሰብዓ ሊቃናት የምንለው ትርጉም የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መጽሐፍ ሆነ። አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዚሁ ከግሪኩ ነው፤ አዲስ ኪዳንም መጀመሪያውኑ የተጻፈው በግሪክ ነበር። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል ብራናዎች የግእዙ ትርጉም ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ።

ልዩነቱ በቁጥር ብቻ አያበቃም። አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ሲወልድ ዕድሜው በዕብራይስጡ 130፣ በግሪኩ ደግሞ 230 ዓመት ነው፤ በቀጣዮቹ ትውልዶችም ተመሳሳይ ልዩነት ይታያል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ብለው የሚቆጥሩት፣ በግሪኩ በኩል በመጣው የዘመን ቆጠራ ላይ ቆመው ነው፤ በዕብራይስጡ የሚቆጥር ሰው ግን ከ4000 ብዙ አይርቅም። ትንቢተ ኤርምያስም በግሪኩ ከዕብራይስጡ አንድ ስምንተኛ ያህል ያጥራል፣ የምዕራፎቹም ቅደም ተከተል ይለያያል። እንዲህ ያለውን አይቶ «ይህኛው የተበረዘ ነው» ለማለት የሚቸኩል ሰው በየጊዜው ያጋጥመኛል፤ ይህ ፍርድ ተገቢ አይመስለኝም። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል አጭሩም ረጅሙም የኤርምያስ ቅጂ በዕብራይስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ የግሪኩ ተርጓሚዎች ባጠረው ቦታ ሁሉ ከራሳቸው ቀነሱ ማለት አይቻልም፤ በፊታቸው የነበረው ዕብራይስጥ ራሱ አጭር ሊሆን ይችላል። ከነዚያው ዋሻዎች የመጽሐፈ ሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይስጥ፣ የመጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ወጥተዋል፤ ሁለቱን መጻሕፍት ሙሉ አድርጎ ለዓለም ያቆየው ግን ግእዝ ብቻ ነው። ይህ በጥልቅ ከማከብራቸው የአባቶቻችን ሥራዎች አንዱ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጠው፣ ከአንድ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን ጋር እየሠሩ፣ ወደ 10 ዓመት ገደማ በፈጀ ድካም መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱት። በ1824 እ.ኤ.አ. አራቱ ወንጌላት፣ በ1840 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ታተመ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1954 ዓ.ም. የወጣው ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ማየት አይገባም።

ወደ ባልደረባዎ ንግግር ስንመጣ፣ በእስልምና ቁርኣን በዐረብኛ የወረደው ቃል ራሱ ነው፤ በሶላትም የሚቀራው በዐረብኛ ነው። ሌላው ሁሉ መልእክቱን ለማስረዳት የተዘጋጀ ትርጉም ተብሎ ይታያል። ይህ መተርጎምን መከልከል አይደለም፤ ሐጅ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ቤት ገብቷል። ከዚያም በፊት የወሎ ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ዐረብኛውን እየቀሩ ተፍሲሩን፣ ማለትም ማብራሪያውን፣ በአማርኛ ያስተምሩ ነበር።

ይህንን ልማድ እኔ ከተማርሁበት ጋር ሳመሳክረው እጅግ ይቀራረባል። የእኛ መምህራን ግእዙን ያነቡና «አንድም» እያሉ በአማርኛ ያትታሉ። የቤተ እስራኤል ቄሶችም ኦሪትን በግእዝ አንብበው ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዱ ነበር፤ ዛሬም በኢየሩሳሌም በስግድ በዓል ግእዙ ይነበባል፣ ምንም እንኳ በእስራኤል የተወለዱ ልጆቻቸው ኦሪትን በዕብራይስጥ የሚማሩ ቢሆኑም። ባልደረባዎ ያሉት እንግዲህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሙስሊሙ አቋም የሚለየው የመጀመሪያውን ቋንቋ ከራሱ ከመጽሐፉ ምንነት ጋር አጥብቆ በማያያዙ ነው።

በሁለት መጻሕፍት መካከል ልዩነት ሲያገኙ በመጀመሪያ መቅድሙን ይክፈቱና ከየትኛው ቋንቋ፣ ከየትኛው ቅጂ እንደ ተተረጎመ ይመልከቱ። መዝሙር ሲጠቅሱም ከቁጥሩ ጋር የመነሻ ቃሉን ቢጽፉ፣ ግእዙን የያዘውም ሆነ አማርኛውን የያዘው አንባቢ ሳይቸገር ያገኘዋል።