ዲፕሎማው የአበባ ነው ወይስ የአበበ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። አክስቴ አበባ ሙሉጌታ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሄዳ ሕክምና ተምራ የተመለሰች ሐኪም ነበረች። ባለፈው ዓመት አረፈች። ሳጥኗን ስንከፍት በሩሲያኛ የተጻፈ ዲፕሎማ አገኘን። ከቤታችን ፊደሉን ማንበብ የሚችሉት አጎቴ ብቻ ናቸው፤ በውትድርና ጊዜያቸው ነው የለመዱት። ስሙን ሲያነቡት «ሙሉጌቴ አቤቤ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሙሉጌታ አበበ የሚባል የሌላ ተማሪ ወረቀት ተቀያይሮ መጥቷል ይላሉ። በዚያ ላይ አበባ የሄደችው ነሐሴ 1971 ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ላይ የመግቢያው ዓመት በፈረንጅ 1980 መሆኑ አልተዋጠላቸውም። ሩሲያኛ በስልኩ የሚማረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ፣ ሙያው ላይ «ቭራቻ» ስለሚል፣ በ«አ» የሚያልቅ ቃል የሴት ነውና ዲፕሎማው የሷ ነው ይላል። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። የማን ነው?

መልስ፦ የአክስትሽ ነው እህቴ። ነፍሷን ይማር። ፎቶውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የአጎትሽ ልጅ መልሱን አግኝቷል፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። አጎትሽም ያነበቡት በትክክል ነው፤ ያሳሳታቸው የቃሉ ጭራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ለአበባ»፣ «የአበባ»፣ «ከአበባ» ስንል ስሙን ሳንነካ ፊቱ ላይ አንዲት ፊደል እንጨምራለን። ሩሲያኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በቃሉ መጨረሻ ነው። እኛም «አበባን» ስንል መጨረሻ ላይ «ን» እንጨምር የለ? እነሱ ግን ከመጨመር አልፈው የነበረውን ድምፅ ያወጡትና ሌላ ይተኩበታል። የሶቭየት ዲፕሎማ ደግሞ የሚጀምረው «ይህ ዲፕሎማ ለእገሌ ተሰጠ» ብሎ ነው። ስሙ ያለው «ለ» ውስጥ ነው ማለት ነው። በ«አ» የሚያልቅ ስም እዚያ ቦታ ላይ ሲገባ «ኤ» ይሆናል። አበባ በእነሱ አጻጻፍ «አቤባ» ናት፣ «ለአበባ» ሲሉ «አቤቤ»። ሙሉጌታም «ሙሉጌቴ» ይሆናል። የአባት ስም የቀደመው ሩሲያውያን ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ ነው። እንግዲህ ሲተረጎም «ለአበባ ሙሉጌታ» ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚከፋው፤ የእኛ አበበም በሩሲያኛ ሲጻፍ ያው «አቤቤ» ነው። የኛን «በ» የሚተካ ድምፅ ስለሌላቸው በ«ቤ» ይጽፉታል። አበበ ደግሞ የውጭ ስም ሆኖ በ«ኤ» ስለሚያልቅ ጭራው ጨርሶ አይለወጥም። አበበ ቢቂላን ውሰጂ። የሮምና የቶኪዮ ማራቶን ባለድሉን ሩሲያውያን «አቤቤ ቢኪላ» ብለው ይጽፉታል። «የአበበ ቢቂላ ድል» ሲሉ ቢኪላ ወደ «ቢኪሊ» የሚጠጋ ድምፅ ይይዛል፣ አቤቤ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ብቻውን «አቤቤ» የሚል ካየሽ ወይ አበበ ነው፣ ወይ «ለአበባ» ነው። ከስሙ ብቻ መለየት አይቻልም። አጎትሽ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ግን የራሳችንን ዋና ከተማ አስቢ፦ ሩሲያውያን «በአዲስ አበባ» ሲሉ «አዲስ አቤቤ» ነው የሚሉት። ያው አበባ ናት።

እና በምን ይለያል? በግሱ። እኛ «ገባ»፣ «ገባች» እንደምንለው ሩሲያኛም ያለፈ ነገር ሲናገር ወንድና ሴት ይለያል። እኛ አክብረን «ገቡ» ስንል ጾታው ይጠፋል፣ እነሱ ጋ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ስለ አንድ ሰው ሲጻፍ አይጠፋም። ሦስተኛው መስመር ላይ በእጅ የተጻፈውን እይው። ወንድ ቢሆን «ፖስቱፒል» ይል ነበር፣ ገባ ማለት ነው። የአክስትሽ ግን «ፖስቱፒላ» ነው፣ ገባች። ቀጥሎ ያለው «ኦኮንቺላ»ም ጨረሰች ማለት ነው። ቅጹ ታትሞ የሚመጣው በወንድ አንቀጽ ሲሆን መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ አለው፤ ለሴት ሲሆን ጸሐፊው በብዕር አንዲት «አ» ይጨምራል። ፊደሏ የእንግሊዝኛዋን ትንሿን «a» ትመስላለች። ፎቶው ላይ ሁለቱም ቦታ ላይ በሰማያዊ ቀለም አለች። እዚህ ወረቀት ላይ ሴት መሆኗን የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

«ቭራቻ»ን ግን ተዉት። መነሻው «ቭራች» ነው፣ ሐኪም። ወንድም ሴትም ቭራች ነው የሚባለው። እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገሩ «የሐኪም ማዕረግ ተሰጣት» ስለሚል፣ «የ»ን ለማምጣት ነው «ቭራቻ» የሆነው። ወንድ ቢመረቅም ያው ቭራቻ ነበር የሚጻፈው። በ«አ» ያለቀ ሁሉ ሴት አይደለም።

ዓመቱን በተመለከተ አጎትሽ ይረጋጉ። ሩሲያኛ የማይችል የውጭ ተማሪ መጀመሪያ አንድ ዓመት መሰናዶ ገብቶ ቋንቋ ይማር ነበር። ነሐሴ 1971 በፈረንጅ 1979 ነው። መሰናዶውን ጨርሳ ኢንስቲትዩት ስትገባ 1980 ይሆናል፤ ትምህርት የሚጀምሩትም መስከረም 1 በፈረንጅ፣ በእኛ ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሕክምና ስድስት ዓመት ነው፣ የመመረቂያዋም 1986 ይላል። ገጠመ። ቀኑ 20 «ኢዩንያ» ነው፣ ሰኔ 13 ቀን 1978 ዓ.ም. ማለት ነው። የወሩ መነሻ ስም «ኢዩን» ነው፣ ጁን። ጁላይ ቢሆን «ኢዩልያ» ይል ነበር፣ በእጅ ጽሑፍ በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ተጠንቅቃችሁ እዩት።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ወረቀት የምታስተረጉሙት ከሆነ ለአስተርጓሚው የአክስትሽን መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አብራችሁ ስጡት። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ሳይሰጥ ቀርቶ፣ የአባትየው ስም ከነጭራው ተገልብጦ ተተረጎመ፣ ሰለሞን የነበረው «ሶሎሞኑ» ሆኖ ወጣ፣ የልጆቹ ወረቀት ከአባታቸው ጋር አልገናኝ ብሎ ስንት ጊዜ ተመላለሱ። ያሳዝናል። በተነባቢ የሚያልቅ የወንድ ስም «ለ» ሲሆን «ኡ» ይጨምራል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እንደ ትዕግሥትና አልማዝ ያሉ በተነባቢ የሚያልቁ የሴት ስሞች ግን አይለወጡም፣ በዚህ በኩል የታደሉ ናቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ወረቀት ካለ ደግሞ «ናዝሬታ» ወይም «ናዝሬቴ» የሚል ፈልጉ። ያኔ አዳማ ናዝሬት ነበረችና «ከናዝሬት»፣ «በናዝሬት» ማለታቸው ነው። ካገኛችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።