ለወዳጃ ብቻ ነበር የተባልኩት

ባለፈው ሰሞን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፣ «ጋሼ፣ ይቺን የአጠቃቀም መብት የምትለዋን ሳጥን ባዶ ልለፋትና በኋላ ልሙላት?» አለችኝ። ተራ ጥያቄ ነው። ገና ያልነካቻቸው ፋይሎች ተደርድረው ይጠብቋታል፤ ማን ይፈርድባታል? እኔ ግን ሳልመልስላት ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። የደሴ ብርድ ሲመሽ ይታወቃል። እንዲያም ሆኖ በእግሬ ሄድኩ። «በኋላ» የሚሏት ነገር ምን እንዳደረገችኝ ለእሷ ብቻ ከምነግራት፣ ይህን የድሮ ድምፅና ጽሑፍ የማስቀመጥ ሥራ ለምትጀምሩት ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

1994 ዓ.ም. ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ መንደር መንዙማ የሚሉ አንድ ሼህ ነበሩ። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ገና ቤት ይሞላል። ቴፕ ተውሼ፣ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ገዝቼ፣ ድንጋዩ እንዳያልቅብኝ መለዋወጫ ይዤ ሄድኩ። ሐሙስ ነበር፣ ወዳጃ ላይ፤ ሰው ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ዱአ የሚያደርግበት። ዕጣኑ ተጫጭሷል፣ ድቤው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቴፑን ድቤው አጠገብ አስቀምጬ ድምፁ ሁሉን ሲውጥብኝ ወደ በሩ አራቅኩት። እስካሁን ቅጂው ላይ የዶሮ ድምፅ የሚሰማው ለዚያ ነው።

አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። ስድስት መንዙማ ቀዳሁ። በረካው ሲቀዳ ሼሁ እጃቸውን አነሱና ቴፑን አስቆሙኝ። «አሁን የምለው ለወዳጃ ብቻ ነው። ልጆቹ እንዲማሩት ቅዳው። ለሠርግ፣ ለገበያ ግን አይሆንም። አደራ።» «እሺ አባቴ» አልኩ። ሰባተኛውን አሉት። አንዲት ሴት ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «መንዙማ፣ ደሴ ዙሪያ፣ 60 ደቂቃ።» አደራዋን ጭንቅላቴ ውስጥ አስቀመጥኳት። ያኔ በማስታወስ ችሎታዬ እኮራ ነበር።

በ2001 ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ለሰባት ፋይል ከፈልኩት፣ ከትራክ 01 እስከ ትራክ 07። ቅጹ ግን ለአንድ ካሴት አንድ መስመር ብቻ ነበረው። መብት በሚለው ላይ «ክፍት» ብዬ ጻፍኩ። ስድስቱ ክፍት ናቸው፣ አልዋሸሁም። ሰባተኛው እነሱን ተከትሎ ገባ። ከዚያ አንድ ሰው ለጥናት ብሎ በፍላሽ ወሰደው። ማን ወሰደ፣ መቼ፣ ለምን፣ የተጻፈ የለም።

ከአራት ዓመት በኋላ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ሾፌሩ ዘፈን ቀየረ። ኪቦርድና ከበሮ ከሥሩ ተነጥፎለታል። ድምፁን ግን አወቅኩት። ዶሮዋንም አወቅኳት። ቴፑ ላይ የሚበራው ጽሑፍ «ትራክ 07» ይላል። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ሚሞሪ ሳስሞላ አብሮ የመጣ ነው አባ» አለኝ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ያጨበጭባሉ። ኮምቦልቻ ምን ልሠራ እንደሄድኩ ዛሬ አላስታውስም።

ሼሁ አርፈው ነበር። ልጃቸው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቡና አስፈላልኝ። ገንዘብም አላነሳ። ትንሽ ዝም አለና፣ «ስንት ሰው ሰማው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ከሰሙትስ ስንቱ ዱአ አደረገለት?» አለኝ። ሁለተኛውን ማንም ሊመልስ አይችልም። የመጀመሪያውን ግን መመለስ የኔ ሥራ ነበር።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቡት። ከዋኝ፣ ማለትም የሚያዜመው ሰው፣ መብት እንዳለው፣ ጥበቃውም 50 ዓመት እንደሆነ ታገኛላችሁ። «ለወዳጃ ብቻ» የሚለውን ግን አታገኙም። እሱን ካልጻፋችሁት የትም የለም። ሎካል ኮንቴክስትስ የሚባል ድርጅት ለነባር ሕዝቦች ባዘጋጃቸው መለያዎች ውስጥ «በወቅቱ ብቻ» የሚል ዓይነት አለ። ያን ባየሁ ጊዜ ሼሁ ትዝ አሉኝ። መለያው ደግሞ በካሴቱ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ፋይል ላይ መለጠፍ አለበት። ይህን ለመማር አንድ የቀብር ያህል ከፍያለሁ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የዚያ ገዳም ነው፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ብራና። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢኤምኤምኤል በሚባለው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ የትም አገር ያለ ተመራማሪ «ኢኤምኤምኤል 1832» ካለ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ባልደረባው ያውቃል። ፊልሙ የትም ይሂድ፣ ቁጥሩ ተከትሎት ይሄዳል። የኔ ትራክ 07 ይህን አላገኘም። በዓለም ላይ ስንት ትራክ 07 አለ?

እናንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በቴሌግራም ትልካላችሁ። በፎቶ መልክ ስትልኩት ምስሉን ያሳንሰዋል፣ ውስጡ የጻፋችሁትንም የባለቤት ስም ያራግፈዋል። በፋይል መልክ ብትልኩት እንዳለ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ንክኪ ነው፤ ግን ማን ይታገሣል? የዛሬ ልጅ ስክሪንሹት ያነሣል፣ ምንጩን አይጽፍም። ምን አፍ አለኝ እኔስ፣ ስክሪንሹት በሌለበት ዘመን ነው ያጠፋሁት።

ስለ ቆጠራም ልናገር። አንድ ወር ላይ የአድማጭ ቁጥራችን ጣሪያ ነካ። ተደሰትን፣ ሻይ ተጋበዝን። ሲጣራ ሮቦት ነው፣ ገጽ እየለቃቀመ የሚዞር ፕሮግራም። ካውንተር የሚባለው የአቆጣጠር ደንብ ሮቦትን አይቆጥርም፤ አንድ ሰው በ30 ሰከንድ ውስጥ ያንኑ ሁለቴ ቢጫን እንደ አንድ ይይዘዋል። ቁጥራችሁ በዚህ ወንፊት ካላለፈ ለሼሁ ልጅ አትንገሩት።

ደግሞ ማን እንደሰማ ስሙን አትመዝግቡ። ሰው በሌሊት መንዙማ ቢሰማ የኛ ጉዳይ አይደለም። ቁጥሩ ይበቃል። እርግጥ ያኔ የወሰደው ሰው ስም ቢኖረኝ ኖሮ ትራክ 07ን እመልሰው ነበር። እዚህ ላይ ከራሴ ጋር አልተስማማሁም፤ እናንተ ተከራከሩበት።

በማግስቱ ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ የትራክ 07ን ሳጥን አብረን ሞላን። «ለወዳጃ ብቻ። ለሠርግና ለንግድ አይሆንም። ባለድምፁ በቃል የሰጡት አደራ።»

«አደራውን የተቀበለው ማን ይባል ጋሼ?»

ስሜን ነገርኳት። ጻፈች።

«የተመዘገበበት ቀንስ?»

«ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ በይው።»

«እንደሱ የሚል ሳጥን የለም» አለችና የዛሬን ቀን አስገባች።