ልጄ ዶክተር መሆን ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ሰው የለኝም

የዚህ ወር ሁለቱም ጥያቄዎች ከእንግሊዝ አገር የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ትልቋ ልጄ ኢየር 12 ናት፣ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ካሉት ሁለት አመታት የመጀመሪያው ላይ። ከልጅነቷ ጀምሮ ዶክተር ነው የምሆነው ትላለች፣ ኬሚስትሪ ባዮሎጂና ሒሳብ ይዛለች ውጤቷም ጥሩ ነው። ባለፈው ግን አንድ አስተማሪዋ "ሌላም ነገር አስቢ፣ እዛ የሚገቡት የሐኪም ልጆች ናቸው" ብሏት ቤት መጥታ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። እኔ ገንዘብ የለኝም፣ ሆስፒታል የማውቀው ሰው የለኝም፣ ቲውተር ልቀጥርላት አልችልም። ፍሪ ሚል (በነጻ የትምህርት ቤት ምሳ) አመልክቺ ይሉኛል፣ እሱንም በጓደኞቿ ፊት የድሃ ልጅ እንዳትባል ብዬ እስካሁን አልሞላሁም። ምን ላድርግላት?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያሳሰበችኝ ያቺ የፍሪ ሚል ነገር ናት። ብዙ የኛ እናቶች እንደዛው ናቸው አውቃለሁ፣ ሰው ፊት እጅ መዘርጋት ሞት ነው የሚመስለን። ግን እዚህ አገር ያቺ ፎርም የምሳ ጉዳይ ብቻ አይደለችም፣ ሜዲስን ለምታስብ ልጅ ብዙው በር የሚከፈተው በሷ ነው። ዩካት የሚባል መግቢያ ፈተና አለ 70 ፓውንድ ይከፈልበታል፣ ፍሪ ሚል ያላት ወይም ከትምህርት ቤቷ የ16–19 በርሰሪ የሚሉትን የገንዘብ ድጋፍ የምታገኝ ልጅ ግን ቫውቸር ጠይቃ በነጻ ትፈተናለች። ለዩኒቨርሲቲ የሚመለከተው በዩካስ በኩል ነው፣ የሱም ማመልከቻ ክፍያ ለፍሪ ሚል ተማሪዎች ቀርቷል። ከዛ ደግሞ ብዙዎቹ ሜዲካል ስኩሎች ኮንቴክስቹዋል ኦፈር የሚሉት ነገር አላቸው፣ ልጅቷ በምን ኑሮ ውስጥ ሆና እንዳጠናች አይተው የሚጠይቁትን ግሬድ ዝቅ ያደርጉላታል፣ እሱን ሲያዩ ከሚጠይቁት አንዱ ፍሪ ሚል አላት ወይ የሚለው ነው። ሐፍረቱን በተመለከተ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ምሳ የሚከፈለው በካርድ ወይ በጣት አሻራ ስለሆነ በነጻ የበላውና የከፈለው በመስመሩ ላይ አይለይም። በገቢሽ ምክንያት እምቢ ቢሉሽ እንኳ ተስፋ አትቁረጪ፣ መንግስት ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግስት ድጎማ) ለሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ሁሉ እንዲፈቀድ ወስኗል፣ እንደገና አመልክቺ።

አስተማሪዋ ያሏት ነገር አናዶኛል። የሐኪም ልጆች ብዙ መሆናቸው እውነት ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም አውቀውታል፣ ለዛ እኮ ነው እንደሷ ላሉ ልጆች ብለው ሌላ መንገድ የከፈቱት። ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ከ2001 ጀምሮ በፈተና መርጠው ከማይቀበሉ የመንግስት ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ልጆች የስድስት አመት ሜዲስን አለው፣ መጀመሪያ ላይ ቀስ እያሉ በብዙ ድጋፍ ይማራሉ ከዛ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላሉ፣ የሚመረቁትም በአንድ አይነት ዲግሪ ነው። ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲም ቢ ኤም 6 የሚባል አለው፣ ሌሎችም አሉ፣ የየአንዳንዱ መስፈርት ስለሚለያይ ዌብሳይታቸውን አብራችሁ እዩ።

ቀኑን ፍሪጅ ላይ ለጥፊው፦ ኦክቶበር 15። ሌላው ተማሪ እስከ ጃንዋሪ ጊዜ አለው፣ የሜዲስን ማመልከቻ ግን ኦክቶበር 15 ይዘጋል። ዩካት ደግሞ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው የሚሰጠው በአመት አንዴ ብቻ ነው መፈተን የሚቻለው፣ ስለዚህ ቫውቸሩን ቀድማ ትጠይቅ። ቲውተር የለኝም ብለሽ አትጨነቂ፣ የዩካት ዌብሳይት ላይ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉ፣ ክረምቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትስራ። አራት ሜዲካል ስኩል ነው መምረጥ የሚፈቀድላት፣ አምስተኛውን ቦታ በሌላ ኮርስ ትሙላው። ነርሲንግን ግን "እሱ ካልሆነ" ብላ እንዳትሞላው እለምናለሁ፣ የኔ ስራ ነውና፣ የዶክተርነት መጽናኛ አይደለም።

አሁን የማውቀው ሰው የለኝም ያልሽው። ዋርድ ሳለሁ አንዲት አስራ ሦስት አመት የማይሞላት የኛ ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም አይቻለሁ። ዶክተሩ "ባዮፕሲ" አለ። ልጅቷ ዝም አለች፣ ቦርሳዋን ጭብጥ አደረገች፣ ከዛ "እማዬ፣ ትንሽዬ ስጋ ቆርጠው በማሽን ያያሉ ነው የሚለው" አለቻት። እንዲህ አይነት ነገር የልጅ ሸክም አይደለም፣ ወዲያው አስተርጓሚ አስጠራሁ፣ አንቺም ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ ስትሄጂ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነጻ ነው። ግን ልጅሽ ላንቺ አስተርጉማ ታውቅ ከሆነ፣ አያቷን አስታማ ታውቅ ከሆነ፣ ኢንተርቪው ላይ ታውራው፣ በሽተኛ የሚባለው ሳይገባው ሲቀር ምን እንደሚሰማው ብዙ የሐኪም ልጆች የማያውቁትን እሷ ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ቆመሽ ነበር ወይ ብለው ሳይሆን ሰው ተንከባክበሽ ምን ተማርሽ ብለው ነው የሚጠይቁት፣ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) በሳምንት ሁለት ሰዓት ቮለንቲር ብትሰራ ይበቃል። የጂፒዎች ሮያል ኮሌጅም ኦብዘርቭ ጂፒ የሚባል የነጻ የኦንላይን ፕሮግራም አለው፣ ከ16 አመት ጀምሮ ነው።

ገንዘቡ የመንግስት ብድር ነው፣ ከአምስተኛው አመት ጀምሮ ደግሞ የትምህርቱን ክፍያ ኤን ኤች ኤስ (የመንግስት ጤና አገልግሎት) ይሸፍናል። ብድሩን መመለስ የምትጀምረው ደሞዟ በአመት ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው፣ አንቺ ላይ የሚመጣ እዳ የለም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 23 አመቴ ነው፣ ባለፈው አመት ወረቀቴን አገኘሁ፣ ኬር ሆም እሰራለሁ። አገር ቤት አስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ግን ከዜሮ መጀመር ሊሆንብኝ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ከዜሮ አይደለም። መጀመሪያ ጂሲኤስኢ (የእዚህ አገር ልጆች በ16 አመት አካባቢ የሚወስዱት ፈተና) እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ ኮሌጅ ውስጥ ላንተ አይነቱ በነጻ ነው። ቀጥሎ አክሰስ ዲፕሎማ፣ ብዙ ጊዜ አንድ አመት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በኤ ሌቨል ፈተና ፋንታ ይቆጠራል፣ ለሱ የምትበደረውም ዲግሪህን ስትጨርስ ይሰረዝልሃል። ከዛ ሦስት አመት ነርሲንግ፣ በየአመቱ የማይመለስ 5,000 ፓውንድ ከብድሩ በተጨማሪ ይሰጥሃል። ወረቀትህ ሪፊውጂ ስታተስ (የስደተኝነት ፈቃድ) ከሆነ እዚህ አገር ሦስት አመት እስክትኖር መጠበቅ የለብህም፣ እንደ አገሩ ልጅ ነው የምትከፍለው። ኬር ሆሙን አትልቀቅ፣ ከማናጀርህ ሪፈረንስ አጽፍ። የሴፕቴምበር ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ደግሞ በዚህ ሳምንት አቅራቢያህ ያለ ኮሌጅ ደውልና ለእንግሊዝኛና ለሒሳቡ የመመዘኛ ፈተና ቀን ያዝ።